ስለ ትንሽ የገጠር ጅረት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ በአንድ ትንሽ ጅረት ዙሪያ ከሚኖሩ፣ ከሚያርሱና ከሚያስተምሩ ሰዎች አፍ በተደጋጋሚ የሚሰሙ ናቸው። መልሶቹ ቁጥር በሚያስፈልጋቸው ቦታ በተቻለ መጠን የሚመረኮዙት ለረጅም ዓመታት በተለካ አንድ ጅረት ላይ ነው። እርሱም በሰሜን ሸዋ፣ አንዲት ጥድ በተባለ ቦታ የሚገኘው፣ «ሁለት ወንዝ» የሚባለው ጅረት ነው።

ጅረት ከወንዝ የሚለየው በምንድን ነው?

በዕለት ተዕለት አነጋገር ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ ገበሬው የሚፈሰውን ሁሉ ወንዝ ይለዋል። አንዲት እናት «ወንዝ ወርጄ ነበር» ስትል ከቤቷ ሥር ካለችው፣ በጋ ላይ ልጅ በአንድ እርምጃ ከሚሻገራት ውሃ ደርሳ ተመለሰች ማለት ነው። «የወንዜ ልጅ» የሚለው አጠራርም የመጣው ከትልቁ ወንዝ ሳይሆን አንድ መንደር በጋራ ከሚቀዳው፣ ከብቱን ከሚያጠጣውና ልብሱን ከሚያጥበው ከዚህ ትንሽ ውሃ እንደሆነ እገምታለሁ። በጽሑፍ ግን ጅረት የሚባለው ከአንድ ወይም ከጥቂት ምንጮች ተነሥቶ በጠባብ ስርጥ የሚወርድና ለትልቅ ወንዝ ገባር የሚሆን ውሃ ነው። በክረምት ብቻ ጎርፍ የሚያወርደው፣ በጋ ላይ አሸዋና ድንጋይ ሆኖ የሚቀረው ደግሞ ደረቅ ወንዝ ይባላል። አንድ ጅረት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከመጀመሪያው ወገን ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ሊገባ ይችላል፤ ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ጥያቄዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚነሡት ይህ እንዳይሆን ካለ ሥጋት ነው።

አንድ ጅረት የሚጀምረው የት ነው?

ሰው ብዙውን ጊዜ ምንጩን ያሳያል፤ ውሃው ከመሬት ወጥቶ ለዓይን የሚታየው እዚያ ስለሆነ። ጅረቱ በእርግጥ የሚጀምረው ግን ከምንጩ በላይ ባለው ተረተር ላይ፣ ዝናቡ በግራ ወይም በቀኝ ለመውረድ በሚለይበት መስመር ነው። በዚያ መስመር ውስጥ ያለው መሬት በሙሉ፣ ማሳውም፣ ግጦሹም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደንም፣ የቤቶቹ ጣሪያም ሳይቀር የጅረቱ ተፋሰስ ይባላል።

አንዲት ጥድ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ደብረ ሲና ሳይደረስ ይገኛል። የሁለት ወንዝ ተፋሰስ ስፋት 477 ሄክታር ያህል ነው፤ አንድ ጎበዝ ተጓዥ በግማሽ ቀን ዙሪያውን ሊዞረው ይችላል። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,040 ሜትር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ3,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከግርጌ እስከ ጫፍ ያለው ልዩነት ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ውርጭ የሚመታው፣ በልግም መኸርም የሚታረስበት አገር ነው። ከተረተሩ በስተ ምሥራቅ መሬቱ በገደል ወደ ቆላው ይወርዳል፤ የሁለት ወንዝ ውሃ ግን ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ወደ ምዕራብ፣ በጀማ ወንዝ በኩል ወደ አባይ ይሄዳል። ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጎን ለጎን ወድቀው አንዱ ወደ አፋር በረሃ፣ አንዱ ወደ ሜዲትራኒያን አቅጣጫ ሊጓዙ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህ ጅረት ከሌሎች ይልቅ የሚታወቀው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በእርሻ ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ ካቋቋማቸው ጣቢያዎች አንዱ እዚያ ስለተተከለ ነው። በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒ የተቋቋሙት ጣቢያዎችም የዚሁ እኅቶች ናቸው። በጣቢያዎቹ የሚሠሩት የአካባቢው ተወላጆች የጅረቱን ከፍታ በየዕለቱ ያነቡ ነበር፤ ጎርፍ ሲመጣና ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ በዝናብ ውስጥ ቆመው በየዐሥር ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ይቀዱ ነበር። ስለ ደጋ ጅረቶች ዛሬ በልበ ሙሉነት የሚነገረው ብዙ ነገር የተገኘው ከእነዚያ ጠርሙሶች ነው።

ዝናብ በሌለበት በበጋ የሚወርደው ውሃ ከየት ይመጣል?

ካለፈው ክረምት ነው። በክረምት ከወረደው ዝናብ ከፊሉ ወደ አፈር ሰርጎ፣ በአፈሩና ከሥሩ ባለው በተሰነጣጠቀ ዓለት ውስጥ እጅግ በዝግታ እየተጓዘ፣ ከወራት በኋላ በቁልቁለቱ ግርጌ በምንጭ መልክ ይወጣል። ስለዚህ በመጋቢት ከጅረቱ የምንቀዳው ውሃ በሐምሌና በነሐሴ የዘነበው ነው። ተዳፋቱ ጎተራ ነው ብንል ነገሩ ይገባናል፤ በክረምት ያልገባበትን በበጋ አያወጣም። በልግ በማይዘንብበት አካባቢ ጅረቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳው በሚያዝያና በግንቦት፣ አዲሱ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው።

በሰኔ የሚዘንበው ከባድ ዝናብ ጅረቱን ብዙም ሳይሞላው፣ በነሐሴ ትንሽ ዝናብ የሚያጥለቀልቀው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ተመራማሪዎችንም ለረጅም ጊዜ አሳስቷል። ለዘመናት የተለመደው ማብራሪያ «ዝናቡ ከአፈሩ የመምጠጥ ፍጥነት በላይ ስለሚጠነክር ላይ ላዩን ይጎርፋል» የሚል ነበር። በአንዲት ጥድና በእኅት ጣቢያዎቹ የተሰበሰበው መረጃ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በአብዛኛው ተዳፋት ላይ አፈሩ የመምጠጥ አቅሙ ከተለመደው የዝናብ ጥንካሬ ይበልጣል። ጎርፉ የሚነሣው በዋናነት ከሁለት ቦታ ነው፦ አንደኛው በሸለቆው ግርጌ ካለው፣ ውሃ ጠግቦ ሌላ ጠብታ መቀበል ከማይችለው ጨፌ፤ ሁለተኛው አፈሩ ተጠርጎ ዓለቱ ሊታይ ከቀረበበት የተራቆተ ቦታ።

ክረምቱ ሲጀምር ደረቁ አፈር ዝናቡን ይጠጣል። የተጠራቀመው ዝናብ፣ በትነት የሚሄደው ተቀንሶ፣ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ተፋሰሱ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ወደ ጅረቱ ይገባል። ነገሩን በቁጥር እንየው። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ስለዚህ በ477 ሄክታር ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 143,100 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ግማሹ ቢወርድ ከ71,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ በዚያች በጠባቧ ስርጥ ማለፍ አለበት። የነሐሴ ሙላት በጋ ላይ የረገጥናትን ጅረት የማትመስለው ለዚህ ነው።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይከተላል። ጨፌው ጎርፍ ስለሚያመነጭ ብቻ በቦይ አንጣፍፈው የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው፤ የተንጣፈፈው ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ስርጡን ይቦረቡራል፣ የበጋውም ምንጭ ይነጥፋል።

የጅረቱ ውሃ በክረምት መጀመሪያ ደፍርሶ በመስከረም የሚጠራው ለምንድን ነው?

በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ማሳው በተደጋጋሚ ታርሶ፣ ልሞ፣ ራቁቱን ያለበት ጊዜ ነው፤ በተለይ ጤፍ የሚዘራበት መሬት። ዝናቡ የላመውን አፈር በትናንሽ መስመሮች እየጠረገ ያወርደዋል። በነሐሴ ሰብሉ መሬቱን ይሸፍናል፣ መስመሮቹም የሚጠረገውን አፈር ሰጥተው ይረጋሉ። ስለዚህ በነሐሴ የሚወርደው ውሃ ከሰኔው ቢበዛም በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ደለል ያንሳል። በነሐሴ መጨረሻም ጅረቱ እንደ ሰኔው ቡናማ ሆኖ የሚወርድ ከሆነ አፈሩ የሚመጣው ከማሳ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ቦረቦር እየተናደ ነው ማለት ስለሆነ ወደ ላይ ወጥቶ መፈለግ ይገባል።

እንግዳ ደራሽ ጎርፍ መምጣቱን በምን ማወቅ ይቻላል?

ከላይ ደመናው ጠቁሮ እታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ ደራሽ የተባለውም ለዚህ ነው። ጠራ ያለው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ከላይ በኩል እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ ከተሰማ መሻገርን መተውና ወደ ከፍታ መውጣት ነው። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውሃ ለአዋቂም አደገኛ ነው። በጅረቱ ዳር የሚኖር ሰው በየዓመቱ የሚሻገረውን መልካ እንደሚያውቀው ቢያስብም የመልካው ወለል በአንድ ሌሊት ጎርፍ ይቀየራል። ትምህርት ቤታቸው ከወንዝ ማዶ የሆነ ልጆች በሰኔና በመስከረም ከቀትር በኋላ ብቻቸውን እንዳይሻገሩ ማድረግ ከማንኛውም ምክር ይቀድማል፤ የደጋው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነውና።

የጅረታችንን ውሃ መጠን ያለ መሣሪያ መለካት እንችላለን?

ይቻላል፤ ሁለት መንገድ አለ። ውሃው ትንሽ ከሆነ በጭቃና በድንጋይ ከትሮ በአንድ ቱቦ ወይም ቆርቆሮ እንዲወርድ ማድረግና 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በስልክ መቁጠር ነው። በ10 ሰከንድ ከሞላ ጅረቱ በሰከንድ 2 ሊትር ይሰጣል። ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይገባል።

ውሃው ከዚያ ከበዛ 10 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቦታ ይመረጣል። ደረቅ እንጨት ከላይ ተጥሎ እታች እስኪደርስ ያለው ጊዜ ይቆጠራል፤ የስርጡ ስፋትና አማካይ ጥልቀትም በሜትር ይለካል። ለምሳሌ እንጨቱ 10 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ከሄደ የላይኛው ውሃ ፍጥነት በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። የታችኛው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.85 ይባዛና 0.34 ይሆናል። ስርጡ 1 ሜትር ስፋትና 0.1 ሜትር ጥልቀት ካለው በሰከንድ 0.034 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 34 ሊትር ይወርዳል። ስርጡ ድንጋያማ ከሆነ ውጤቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ መያዝ ያዋጣል። ከሁሉም በላይ ግን ወሩ መጻፍ አለበት። በጥቅምት ተለክቶ ወር ያልተጻፈበት ቁጥር ለመስኖ ፕሮጀክት ሲቀርብና ቦዩ በመጋቢት ደርቆ ሲቀር አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የጅረቱ አልነበረም።

በዚያ ውሃ ስንት ሄክታር ማልማት ይቻላል?

ለግምት የሚበቃ አንድ ቀላል ስሌት አለ። በሰከንድ 1 ሊትር ውሃ ቀንና ሌሊት ቢወርድ በቀን 86,400 ሊትር ይሆናል፤ ይህ በአንድ ሄክታር ላይ ቢዳረስ 8.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሽንኩርትም ሆነ ድንች በበጋ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋሉ፤ በአፈር ቦይ ሲሄድ ግን ግማሽ ያህሉ ይሰርጋል፣ ይፈስሳል። ስለዚህ በሰከንድ አንድ ሊትር ለአንድ ሄክታር ብሎ መያዝ አያሳስትም። ይሁን እንጂ ሌሊት ማንም ካላጠጣና ማጠራቀሚያ ኩሬ ከሌለ ይህ ግምት በግማሽ ይወርዳል። ከታች ለሚኖሩት፣ ለከብቱና ለጅረቱ ለራሱ የሚቀረውም ቀድሞ መነሣት አለበት፤ ወንዝ ጠለፋ ማለት ወንዙን እስከ መጨረሻው ጠብታ መጥለፍ ማለት አይደለም።

የውሃ ተራን ማን ያስጠብቃል? ጠብ ሲነሣስ?

በብዙ ቦታ የውሃ አባት የሚባል፣ በተጠቃሚዎቹ የሚመረጥ ሰው አለ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ቦዩ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፣ ተራውን ይደለድላል፣ በሌሊት ቦይ ሰብሮ ወደ ራሱ ማሳ የመለሰውን ይቀጣል። ተራው የሚለካው በሰዓት ወይም በቀን ነው፤ የእጅ ሰዓት ከመለመዱ በፊት በጥላና በፀሐይ ነበር። ቦይ ለመጥረግ ያልመጣ ሰው ተራ የማያገኝበት ልማድ ጨካኝ ቢመስልም እኔ ከማውቃቸው የመስኖ ሕጎች ሁሉ የተሻለ የሚሠራ ነው፤ የተጻፈ ደንብ ብዙ ጊዜ ስለ ውሃው ይናገርና ስለ አካፋው ይረሳልና።

ብዙውን ጊዜ ጠብ የሚነሣው በላይኛውና በታችኛው ተጠቃሚ መካከል ነው። በቅርብ ዓመታት የተለየ ያደረገው የውሃ ፓምፕ ነው። ቀድሞ ውሃ በራሱ ቁልቁለት ሊደርስበት ከሚችለው ማሳ በላይ ያለ ሰው የተራው ባለቤት አልነበረም፤ ዛሬ ፓምፕ የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ከቦዩ በላይ ላለው ማሳው ውሃ ይስባል፤ የውሃ አባቱ ደግሞ ይህን የሚዳኝበት ልማድ አልወረሰም። መፍትሔ ያገኙ መንደሮች ያደረጉት ነገር ግልጽ ነው፦ ፓምፑንም በተራው ውስጥ አስገብተው፣ የሚሠራበትን ቀንና ሰዓት ወስነውለታል።

በሕግ ጅረቱ የማን ነው?

የግል አይደለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በአገሪቱ ያለ ማንኛውም ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውለው ውሃም ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ አለው። አዋጁ ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ እንዲወጣ ቢያዝም ለባህላዊ መስኖ፣ ለባህላዊ ከብት እርባታ፣ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለውሃ ወፍጮ ፈቃድ አይጠይቅም። በዘመናዊ መንገድ ለሚተዳደር መስኖ ደግሞ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ። ስለዚህ «ጅረቱ በይዞታዬ መካከል ስለሚያልፍ የእኔ ነው» የሚል ክርክር መሠረት የለውም።

የጅረት ውሃ ይጠጣል?

እንዳለ አይጠጣም፤ የጠራ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከላይ በኩል ከብት ይገባበታል፣ ሰው ሜዳ ላይ የተጸዳዳው ሁሉ በዝናብ ጊዜ ወደ እርሱ ይታጠባል። መፍላት ወይም በውሃ ማከሚያ መታከም አለበት። ጎንብሶ መጠጣት ደግሞ የቆየ ሌላ ጣጣ አለው፤ አልቅት ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል፣ ደም የሚተፋ እረኛም ሆነ ጥጃ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምንጩን ማጎልበት ነው። ዓይኑ በድንጋይና በጠጠር ይታጠራል፣ ከላይ በሲሚንቶ ይከደናል፣ ውሃው በቧንቧ ይወጣል፤ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈርና ዙሪያው ከብት እንዳይገባ ይታጠራል። የተረፈው ውሃ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይሄዳል፤ መጀመሪያ የከብት ገንዳ፣ ከዚያ የልብስ ማጠቢያ፣ ከዚያ ጅረቱ። ይህን ቅደም ተከተል መንደሮች ያለ መሐንዲስም ያውቁት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ምንጭ ላይ የሚደርሱ ሴቶች ውሃው ሌሊቱን ሲጠራቀም ያድርና ይጠራል ብለው በቅል ቀስ ብለው ከላዩ እየጨለፉ፣ ደለሉን ሳይነኩ፣ እንስራውን ወይም ቢጫውን ጀሪካን ይሞላሉ፤ ዘግይታ የመጣች የተረፈውን ድፍርስ ትጠብቃለች።

በወይና ደጋ ለሚኖሩ ብልሃርዝያ ተጨማሪ ሥጋት ነው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ በቀዝቃዛው ከፍተኛ ደጋ ብዙም ባይገኝም ሞቅ ባለና በዝግታ በሚሄድ ውሃ ይራባል፤ በመስኖ ቦይም ጭምር። እዚህ ላይ ሊነገር የሚገባው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ በጅረት ዳር ብልሃርዝያን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አገኙ። ለዘመናት እንደ ሳሙና ያገለገለው ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁንና እንዶድ ለዓሣም መርዝ ስለሆነ በዘፈቀደ ወደ ጅረት መጨመር የለበትም። በደረቅ ወቅት የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ በመነስነስ ዓሣ መያዝም ልማድ አለ፤ የሚፈለገውን ብቻ ሳይሆን ጫጩቱንም ስለሚፈጅ ቢቀር የሚሻል ልማድ ነው።

ከመጠጥና ከመስኖ ሌላ ጅረቱ ምን ያገለግላል?

ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቀጤማ የሚታጨደው ከዳርቻው ነው። በአንዳንድ ቦታ የውሃ ወፍጮ ያዞራል፣ ለቤት ሥራ አሸዋና ድንጋይ ይሰጣል። በጳጉሜ ደግሞ ትልቅ ትንሹ ወርዶ ይጠመቅበታል፤ በተለይ በጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ የሚዘንበው ዝናብ ራሱ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይወጡበታል።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን ጥር 10 ቀን ነው። የዕለቱ ስም ከተራ የተባለው መክተር ከሚለው ቃል ነው፤ ታቦታቱ ከማደራቸው በፊት የመንደሩ ወጣቶች ወርደው ጅረቱን በጭቃ፣ በሣርና በድንጋይ ስለሚከትሩት። በዚያ ሰሞን ውሃው ቀንሶ ስለሚገኝ ካልተከተረ ለጥምቀት የሚበቃ ባሕር አይሆንም። በማግስቱ፣ ጥር 11፣ ሕዝቡ ተጠምቆ ታቦታቱ ከተመለሱ በኋላ ክትሩ ይፈርሳል፤ ከታች የሚያጠጡ ገበሬዎችም ውሃቸው የሚለቀቅበትን ሰዓት ያውቁታል።

ባሕር ዛፍ ጅረት ያደርቃል የሚባለው እውነት ነው?

እንደ ቦታው ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር መፍትሔ ሆኖ ከገባ ጀምሮ ቤት ሠርቷል፣ እንጀራ ጋግሯል፣ ልጅ አስተምሯል፤ በደፈናው ማውገዝ ፍትሐዊ አይደለም። በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ግን ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩም ወደ ጥልቅ ይወርዳል። በምንጭ ዓይን ዙሪያ፣ በጨፌና በጅረት ዳር በብዛት ሲተከል በበጋ የሚወጣውን ውሃ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። ከምንጭ ርቆ፣ ለእርሻ በማይሆን ደረቅ መሬት ላይ ይተከል፤ በጅረት ዳር ግን ዶቅማ፣ ዋንዛ፣ ሾላና ብሳና ይሻላሉ፤ ሥራቸው ዳርቻውን ይይዛል፣ ጥላቸውም ለከብትና ለሰው ነው። በምንጭ አጠገብ ያለ ትልቅ ሾላ ያልተቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ በባለሙያ ምክር ሳይሆን በአድባርነቱ ተፈርቶ ነው፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ዛፉ መቆየቱ መልካም ሆኗል።

ቦረቦር ጅረታችንን እየበላ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ከላይ። በየመንደሩ የሚታየው ስሕተት ትልቁን የሽቦ ክትር ቦረቦሩ ከሁሉ በሰፋበት ቦታ መሥራት ነው፤ ፎቶግራፍ የሚያምርበት እዚያ ስለሆነ ይመስለኛል። ቦረቦር የሚያድገው ግን በአናቱ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ላይ ነው፤ አናቱ በየክረምቱ ማሳውን እየናደ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አናቱ የሚገባው ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ይመለሳል፣ አናቱም ተስተካክሎ በድንጋይና በሣር ይያዛል። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ትናንሽ ክትሮች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይሠራሉ፤ የታችኛው ክትር ጫፍ ከላይኛው ክትር ግርጌ ጋር በከፍታ እንዲስተካከል ሆነው ይራራቃሉ። የእያንዳንዱ መካከል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ውሃው በጎን ዞሮ ዳሩን ይሰብራል። ከብት ለሁለትና ለሦስት ክረምት ካልገባ ሣሩ በራሱ ይመለሳል።

በጥርና በየካቲት በሕዝብ ጉልበት የሚሠራው እርከን ለዚሁ ነው፤ ቆይታው ግን በሠሩት እጅ ላይ ነው። ከአዝመራ በኋላ ከብት በልቅ ሲሰማራ የእርከኑ አናት ይረገጣል፣ በቀጣዩ ሰኔ በአንድ ቦታ ይሸነቆራል፤ የተጠራቀመው ውሃም በዚያች ቀዳዳ ስለሚወጣ ያለ እርከን ከሚወርደው ጎርፍ የባሰ ይቆርጣል። የፈረሰ እርከን በግንቦት መጠገን አለበት፤ በሐምሌ አይጠገንም።

ጅረታችን በካርታ ላይ ስም የለውም፤ በማመልከቻ ላይ ምን ብለን እንጻፍ?

ብዙ ትናንሽ ጅረቶች አንድ ስም የላቸውም። ከላይ በቤተ ክርስቲያኑ፣ መካከል ላይ በአንድ ዛፍ፣ ከታች በመልካው ስም ይጠራሉ። ባለሙያ ሲመጣ አንዱን ብቻ ይመዘግብና የላይኞቹና የታችኞቹ ነዋሪዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ጅረቶች የሚያመለክቱ ይመስላል። ሁሉንም ስሞች ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል መጻፍ፣ የሚጠለፍበትን ቦታ በስልክ ካርታ አመልክቶ ከፍታውን መጨመር፣ ውሃው የተለካበትን ቀንና ወርም አብሮ ማስፈር ይበቃል።